የደም ልጓሞች

በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ዋና ሥራው ሥጋ ደዌን ማከምና ባለሙያ ማሠልጠን ነበር። ሐኪሞች በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ ያስተዋሉት አንድ ነገር ግን ለነፍሰ ጡሮችም ትርጉም አለው፦ አንዳንዶቹ ቂጥኝ ሳይዛቸው የቪዲአርኤል ምርመራቸው ፖዘቲቭ ይሆናል።

ቪዲአርኤል የቂጥኝን ተህዋስ ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ካርዲዮሊፒን ከሚባል ስብ ጋር የሚጣበቁ አንቲቦዲዎችን ነው፤ እነዚህ ደግሞ በሥጋ ደዌም፣ በሉፐስም ይፈጠራሉ። ስለዚህ በእርግዝና ክትትል ፖዘቲቭ የተባለች ሴት ከባሏ ጋር ከመጣላቷ በፊት ማረጋገጫ ምርመራ ይገባታል።

በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ እነዚህ አንቲቦዲዎች ደም ማርጋታቸው ብርቅ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ግርሃም ሂውዝ እ.ኤ.አ. በ1983 የገለጹት፣ ከእነዚሁ መሰል አንቲቦዲዎች የሚመጣው አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም ግን ሌላ መልክ አለው። የእግር ደም ሥር ይደፍናል፣ በወጣትነት ስትሮክ ያመጣል፣ ፅንስ ደጋግሞ ያስጨነግፋል። ሰፈሩ «ሾተላይ አለባት» ከሚላቸው እናቶች መካከል ይህ ሕመም ያለባቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

ጤነኛ ደም የራሱ ልጓሞች አሉት። ደም የሚያረጋው ትሮምቢን የደም ሥር ግድግዳ ላይ ካለው ትሮምቦሞዱሊን ጋር ሲገናኝ ጠባዩን ይለውጣል፤ ማርጋቱን ትቶ ፕሮቲን ሲን ይቀሰቅሳል። ፕሮቲን ሲ በፕሮቲን ኤስ እየታገዘ ለመርጋት የሚያስፈልጉትን ፋክተር 5 እና 8 ቆራርጦ ከሥራ ያስወጣል። አንቲትሮምቢን ደግሞ ትሮምቢንን ራሱን ይይዛል። የሲንድሮሙ አንቲቦዲዎች የፕሮቲን ሲን ሥራ ሊያደናቅፉ ይችላሉ፤ በአንዳንድ ሴቶች ላይም ፕሮቲን ኤስ አንሶ ይገኛል።

ሆኖም እርግዝና በራሱ ፕሮቲን ኤስን ይቀንሳል፤ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንዲሁ። ዋርፋሪን ሁለቱንም፣ ሲንም ኤስንም፣ ያወርዳል። በእነዚህ ጊዜያት የተገኘ ዝቅተኛ ቁጥር በዘር የመጣ ጉድለት ተብሎ ሊፈረጅ አይገባም፤ ምርመራው ከወሊድ በኋላ፣ ሰውነት ወደ ቀድሞ ሁኔታው ሲመለስ ይደገማል። የአንቲቦዲው ምርመራም ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ተደግሞ ካልተረጋገጠ ሕመሙ አለ አይባልም።

ሕመሙ ሲረጋገጥ ነፍሰ ጡሯ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ አስፒሪንና የሄፓሪን መርፌ ይታዘዝላታል። ሄፓሪን የአንቲትሮምቢንን ሥራ ያፋጥናል፣ የእንግዴ ልጁንም አልፎ ወደ ፅንሱ አይደርስም። ዋርፋሪን ግን አልፎ ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል፣ መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ማርገዝ ስታስብ አስቀድማ ሐኪሟን ማማከር አለባት።