ያገለገለ ቅንጡ አውቶቡስ፦ ተረቱና እውነታው

ሐዋሳ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በተዘረጋው አህጉራዊ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ ከሚወርዱት መንገደኞች መካከል አልጋውንና ማድቤቱን በመኪናው ጭኖ አገር የሚያቋርጥ የውጭ ሰው አይጠፋም። ቱሪስት የሚያስተናግድ ወይም ቤተሰቡን ይዞ ከላንጋኖ እስከ አርባ ምንጭ መዞር የሚመኝ የከተማው ሰው ይህን ሲያይ "እኔስ?" ማለቱ አይቀርም። ባለ አልጋ መኪና ተሠርቶ የተዘጋጀ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ሐሳቡ የሚያርፈው በረጅም መስመር ያገለገለ ቅንጡ አውቶቡስ ወይም ኮስተር ገዝቶ ማደስ ላይ ነው።

አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማም ሆነ መነኸሪያ አካባቢ ጉዳዩን ያነሳ ሰው ምክር አያጣም። ደላላው፣ ሹፌሩ፣ መካኒኩ ሁሉም የሚለው አለው። ከምክሩ ውስጥ በሥራ የተፈተነ አለ፤ እየተደጋገመ እውነት የመሰለም አለ። ያገለገለ አውቶቡስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ባለቤቱን የሚያስለቅሰው ብዙ ጊዜ ሞተሩ አይደለም። ያረጀ ጎማ፣ የሚያፈስ የአየር ቱቦ፣ የተደፈነ ራዲያተርና የተነካካ ሽቦ ነው። እነዚህ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ሊታዩ ይችላሉ። መጥኖ መደቆስ የሚያዋጣው ያኔ ነው።

ተረት 1፦ "ብዙ አልሠራም፤ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነው የኖረው። እንደ አዲስ ቁጠረው።"

እውነታው፦ መኪና በመቆምም ያረጃል። ለወራት ያልተንቀሳቀሰ አውቶቡስ ባትሪው ይሞታል፣ የፍሬኑ ታምቡር ይዝጋል፣ የአየር ቱቦውና የላስቲክ ማሸጊያው ይደርቃል፣ ናፍጣ ጋኑ ውስጥ እርጥበት ይጠራቀማል። በባልስትራ ፋንታ በአየር ቦርሳ ላይ የሚቀመጡት ቅንጡ አውቶቡሶች ንፋሳቸው ወጥቶ ሲቆዩ ደግሞ ቦርሳው እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል።

የጎማን እድሜ ለማወቅ ሻጩን መጠየቅ አያስፈልግም። ጎኑ ላይ "ዲኦቲ" ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ። 3518 የሚል ጎማ የተሠራው በፈረንጆቹ 2018 በ35ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2010 መጨረሻ ነው። ብዙ አምራቾች 10 ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ባያልቅም እንዲወጣ ይመክራሉ። ባለ ሁለት አክስል አውቶቡስ ስድስት ጎማና አንድ መጠባበቂያ ይፈልጋል፤ ሁሉም ያረጁ ከሆኑ የአዲሶቹ ዋጋ ከድርድሩ ላይ መነሳት አለበት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም ብቻውን አይመኑት። የተላገ ፔዳል፣ የለሰለሰ መሪና የሰመጠ የሹፌር ወንበር ከቁጥሩ ይልቅ እውነቱን ይናገራሉ።

ተረት 2፦ "ሞተሩ በአንዴ ይነሳል፤ ሌላው ይደርሳል።"

እውነታው፦ የሞቀ ሞተር ሁሉ በአንዴ ይነሳል። አንዳንድ ሻጮች ገዢው ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን አስነስተው የሚያቆዩትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ማለዳ ይሂዱ፤ ሞተሩን በእጅዎ ነክተው መቀዝቀዙን ያረጋግጡና ከፊትዎ ይነሳ። ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ነጭ ጭስ ቢያሳይና ቢጠራ አያሳስብም። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ ውሃ በቴስታታ ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ሲሊንደር እየገባ፣ ወይም ናፍጣ በደንብ ሳይቃጠል እየወጣ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይጠቁማል፤ ፋሻው ወይም ተርቦው ይጠረጠራል።

ጥቁር ጭስን "የጉልበት ምልክት" የሚሉም አሉ። ትርጉሙ ግን ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። በሐዋሳ ሜዳ ላይ ያልታየ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ወይም የተቀደደ የተርቦ ቱቦ ከሞጆ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ በጥቁር ጭስና በጉልበት ማጣት ራሱን ያጋልጣል። ያን ያህል መሄድ ካልተቻለ እስከ ሻሸመኔ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዳገት ስላለው ለሙከራ ይበቃል።

ተረት 3፦ "ቆላ ሲወርድ መሞቁ አይቀርም፤ ውሃ እየጨመሩ መሄድ ነው።"

እውነታው፦ ጤነኛ ሞተር በሞያሌ ሙቀትም ውሃ አያፈላም። ውሃ እየቀነሰ ከሄደ የሚሄድበት ቦታ አለ፤ ያ ቦታ መገኘት አለበት።

እዚህ ላይ የሐዋሳ ከፍታ ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ። ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በ92። የናፍጣ ሞተር ደግሞ በመደበኛ ሥራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ይደርሳል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ 1 ባር የሚይዝ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ላስቲክ ካለቀ ምንም ሌላ ጉድለት የሌለበት ሞተር ዳገት ላይ ያፈላል። ብዙ ባለንብረት ቴስታታ አስወርዶ ያልተፈታለት ችግር በአንድ ክዳን የሚፈታበት ጊዜ አለ። ክዳኑን ግን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ በፍጹም አይክፈቱ፤ ግፊቱ የፈላውን ውሃ ፊት ላይ ይረጨዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የራዲያተሩ አቀማመጥ ነው። የቅንጡ አውቶቡሶች ሞተር ከኋላ ስለሆነ ራዲያተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ በጎን በኩል ይገጠማል፤ የኋላ ጎማ የሚያነሳው አቧራ ከዘይት ትነት ጋር ተጣብቆ ክንፎቹን ይደፍናቸዋል። ከውጭ ንጹሕ መስሎ ከውስጥ በኩል የተደፈነ ሊሆን ይችላል። በኃይለኛ ግፊት ሳይሆን በዝግታ፣ ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ በውሃ ይታጠባል። የማራገቢያው ቺንጋም መላላቱና መሰንጠቁ ይታይ። ሹፌሩ ከሞተሩ 10 ሜትር ያህል ርቆ ስለሚቀመጥ ድምፁንም ሽታውንም ዘግይቶ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ የሙቀት ጌጁና የማስጠንቀቂያ መብራቱ መሥራታቸው ግዴታ ነው።

"የቧንቧ ውሃ ይበቃል" የሚለውም ስህተት ነው። ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፤ በብዙ ትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ደግሞ የሲሊንደሩን ግድግዳ ቀስ በቀስ ከመበሳሳት ያድናል።

ተረት 4፦ "ንፋስ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ፍሬኑ ይይዛል።"

እውነታው፦ ትልቅ አውቶቡስ የሚቆመው በአየር ግፊት ነው። የአየር ታንከሮቹ ሞልተው ሞተሩ ይጥፋ፤ ከዚያ ፔዳሉ ተረግጦ ጌጁ ይታይ። በአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈተና ላይ ነጠላ ተሽከርካሪ ፍሬኑ ተረግጦ በደቂቃ ከ0.2 ባር በላይ ከጣለ አያልፍም። ማታ ሞልቶ የተዘጋ አውቶቡስ ጠዋት ባዶውን ከተገኘ የሆነ ቦታ ያፈሳል። የሳሙና አረፋ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ መቀባት ቦታውን ያሳያል።

የእጅ ፍሬኑ በስፕሪንግ የሚሠራ ስለሆነ ንፋሱ ሲያልቅ ጎማውን ቆልፎ ይይዛል። ይህ ደኅንነት ነው፤ ነገር ግን መንገድ መሃል ሲሆን መኪናውን ካለበት አያንቀሳቅሰውም። ከታንከሩ ሥር ያለው ማፍሰሻ ሲከፈት ብዙ ውሃ ወይም ዘይት ከወጣ የአየር ማድረቂያው ወይም ኮምፕሬሰሩ ጥገና ይፈልጋል ማለት ነው። ውሃው ቫልቮቹን ያዝጋቸዋል። ማድረቂያውን መቀየርና ታንከሩን በየጊዜው ማፍሰስ ርካሽ ሥራ ነው፤ የፍሬን ሸራውም ጎማው ወርዶ ይታይ።

ተረት 5፦ "ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ 12 ቮልት ከአንዱ ባትሪ ይወሰዳል።"

እውነታው፦ አውቶቡሱ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው ይሠራሉ። ከአንዱ ብቻ ሲወሰድ ያ ባትሪ ይራባል፤ ዲናሞው ግን ለሁለቱ እኩል ስለሚልክ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል። በመጨረሻ ሁለቱም ይበላሻሉ። መፍትሔው ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መቀየሪያ ነው። አልጋ ያለው አውቶቡስ ከሆነ ደግሞ ለመብራቱና ለፍሪጁ የተለየ ባትሪ ይኑረው፤ አለዚያ ከአንድ ሌሊት በኋላ ሞተሪኖው አይዞርም።

ባትሪዎቹ ሞልተው ሲያርፉ ሁለቱ በአንድነት 25 ቮልት ተኩል ያህል፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ 28 አካባቢ ማሳየት አለባቸው። ፊውዝ በሽቦ ተተክቶ ካገኙ የቀድሞው ኤሌክትሪሻን ችግሩን ሳያገኝ እንደሸፈነው ይወቁ። የአውቶቡስ እሳት ከሚነሳባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ተረት 6፦ "ኤሲው ደህና ነው፤ ጋዝ ብቻ ነው የጎደለው።"

እውነታው፦ የኤሲ ጋዝ እንደ ናፍጣ እየተቃጠለ አያልቅም። ከጎደለ ወጥቷል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ሳይገኝ መሙላት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። የማይሠራ ኤሲን በማይሠራ ዋጋ ይግዙት።

ተረት 7፦ "ወንበሩ ሲወልቅ ቤት ይሆናል።"

እውነታው፦ በወንበሩ ፋንታ የሚገባው ዕቃ ክብደቱ ያን ያህል አያሳስብም፤ 49 መንገደኛ በአማካይ 75 ኪሎ ቢመዝን ከ3 ቶን ተኩል በላይ ነውና። የሚያሳስበው ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። 500 ሊትር ውሃ ግማሽ ቶን ነው፤ በአንድ ጎን ወይም ከኋላው አክስል በስተጀርባ ከተሰቀለ አውቶቡሱ መታጠፊያ ላይ ያጋድላል። የውሃ ታንከሩ ዝቅ ብሎ በሁለቱ አክስሎች መካከል ይሁን።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጭስ ነው። በተዘጋ አውቶቡስ ውስጥ በከሰል ቡና ማፍላት ወይም ጄኔሬተር በመስኮት ሥር ማስነሳት ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ቡናው ከደጅ ይፈላ። የማርሚታውን ጭስ ሊያስገባ የሚችል የወለል ቀዳዳም ሁሉ ይደፈን።

ተረት 8፦ "ቦሎ አለው፣ ውክልና እሰጥሃለሁ፤ ምን ጎደለ?"

እውነታው፦ ቦሎ አውቶቡሱ በምርመራው ዕለት የነበረበትን ሁኔታ ያሳያል እንጂ ለከርሞ ዋስትና አይደለም። ሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ የሚክሰው ግን በአውቶቡሱ የተጎዳውን ሌላ ሰው እንጂ የገዢውን አውቶቡስ አይደለም።

ውክልና ደግሞ ባለቤት አያደርግም። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፤ ሲሞትም በመርህ ደረጃ ያበቃል። ያኔ ሙሉ ዋጋ የከፈለው ገዢ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይቆማል። ከክፍያ በፊት በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከአውቶቡሱ ጋር ይመሳከር፤ እዳና እገዳ አለመኖሩ ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይጠየቅ፤ ከዚያ ስመ ንብረቱ ይዙር። የተሽከርካሪ ምዝገባ የሚመራው በአዋጅ ስለሆነ ወንበር አውልቆ አልጋ ከመግጠም በፊትም ፈቃዱን መጠየቅ ይገባል። ሳይፈቀድ የተለወጠ አውቶቡስ በዓመታዊው ምርመራ ሊወድቅ ይችላል።

"እንዳለ ነው የሸጥኩልህ" የሚል ሻጭም ሁልጊዜ አያመልጥም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ሆን ብሎ ለደበቀው ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል። ገዢውም ዕቃውን ቶሎ መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት፤ ማሳወቂያው በጽሑፍ ቢሆን ለማስረጃ ይበጃል። ወራት አሳልፎ የሚነሳ ቅሬታ ሰሚ ማጣቱ አይቀርም።

ተረት 9፦ "መጀመሪያ ቀለምና ወንበር፤ ገበያ ሲገኝ ሌላው ይሠራል።"

እውነታው፦ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። በመጀመሪያ ፍሬን፣ ጎማና መሪ ይሠሩ፤ እነዚህ የነፍስ ጉዳይ ናቸው። ቀጥሎ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ይፈተሽ፣ ዘይቱ፣ ሁሉም ፊልትሮዎችና ቺንጋው ይቀየሩ፤ የቀድሞው ባለቤት መቼ እንደቀየራቸው በቃል ቢናገርም ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየሩ ይቆጠሩ። ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ኤሲ፣ ወንበር፣ አልጋና ቀለም በመጨረሻ ይምጡ። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ከሐዋሳ እስከ ሻሸመኔ ያለው አጭር መንገድ ይሞከር እንጂ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሞያሌ አይነሱ።

ያለዎትን ገንዘብ ሁሉ ለሻጩ አይስጡ፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጥገና የሚሆነውን አስቀድመው ለይተው ያስቀምጡ። አውቶቡሱን ከማያውቁት ደላላ ጋር ሳይሆን ከራስዎ መካኒክ ጋር ሆነው ይዩት። ሻጩ ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት፣ ከሥሩ ለማሳየት ወይም ስመ ንብረት ለማዞር ካንገራገረ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙ።