ጥንድ አፈሙዝ ጠመንጃ ማለቁ በምን ይታወቃል?

ያገለገለ የአደን ጠመንጃ ሊገዛ ወይም ከአባቱ በወረሰው ሊተኩስ የሚያስብ ሰው፥ አስቀድሞ የሚያየው የሰደፉን ውበትና በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ሐረግ ነው። ጐን ለጐን ሁለት አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ ደኅንነቱ የሚታወቀው ግን ከማጠፊያው ነው። የአርትስ ተማሪዎች ስለ ብረት ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ነገሩ የብረት ብቻ ሳይሆን የማስረጃም ነው እንላለን፤ የተበላ ማጠፊያ ጥብቅ መስሎ ሊያታልል ይችላልና።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። አፈሙዝ ስንል ጥይቱ የሚያልፍበትን ቧንቧ ሁሉ ማለታችን ነው። ከሁለቱ አፈሙዞች ሥር ሁለት የብረት ጉብታዎች ወደ ታች ወጥተዋል። የፊተኛው ጉብታ እንደ ማጭድ ጐብጦ የተቈረጠ ስለ ሆነ፥ በጠመንጃው አካል ውስጥ የተጋደመውን ድቡልቡል ዘንግ ያቅፋል፤ ጠመንጃው የሚታጠፈው በዚህ ዘንግ ላይ ነው። ሲዘጋ ከሥር የሚንሸራተት መቀርቀሪያ በጉብታዎቹ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ይህን ድርብ መቀርቀሪያ እንግሊዛዊው ጄምስ ፐርዲ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1863 ዓ.ም. በስሙ አስመዘገበ፤ እስከ ዛሬም በብዙ ጠመንጃዎች ይሠራበታል። የአፈሙዞቹ የኋላ ጫፍ ደግሞ ከቆመ የብረት ግድግዳ ጋር ይገጥማል።

በዛሬው የአውሮፓ ደንብ ለመደበኛው ባለ12 ቍጥር ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 740 ባር ነው። ይህ ግፊት የቀለሁን ቂጥ ወደ ግድግዳው ይገፋል። በአፈሙዙና በግድግዳው መካከል ክፍተት ካለ ቀለሁ ድጋፍ ያጣል፤ ቢቀደድ ትኩሱ ጋዝ የሚወጣው ከተኳሹ ፊት አጠገብ ነው። ክፍተቱ እያንዳንዱን ተኩስ እንደ መዶሻ ስለሚያደርገው፥ የተጀመረው መበላት ይፋጠናል።

ምርመራው እንዲህ ነው። ከሁሉ በፊት ሁለቱም ጕድጓዶች ባዶ መሆናቸው በዐይን ይረጋገጥ። ቀጥሎ ማጠፊያው ይወልወል፤ ወፍራም ቅባት ክፍተትን ይሞላልና።

አንደኛ፥ ግራ እጅ የሚይዘው የፊት እንጨት ይውለቅ። የብዙ ሰው ስሕተት ከዚህ ላይ ነው። የፊት እንጨቱና በውስጡ ያለው ብረት አፈሙዙን አጥብቀው ስለሚይዙት፥ እጃችን የሚሰማው ጥብቀት የማጠፊያው ላይሆን ይችላል። እንጨቱ ወልቆ ጠመንጃው ተዘግቶ በቀስታ ሲነቀነቅ ከተንኳኳ፥ ማጠፊያው ወይም መቀርቀሪያው ተበልቷል። የፊት እንጨቱ ብቻ መላላት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጥገናውም ቀላል ነው።

ሁለተኛ፥ የተዘጋውን ጠመንጃ ወደ መስኮት አዙሮ መጋጠሚያውን ማየት ነው። ብርሃን ካለፈ ወይም የሲጋራ ወረቀት ያለ ችግር ከገባ አፈሙዙ ከግድግዳው ርቋል። ባለሙያዎች ደግሞ የአፈሙዙን የኋላ ፊት በኩራዝ ጥቀርሻ አጥቍረው ይዘጉትና ይከፍቱታል፤ ጥቀርሻው ያልታተመበት ቦታ ያልገጠመው ነው።

ሦስተኛ፥ የላይኛው መክፈቻ እጀታ ይታይ። በብዙዎቹ ላይ አዲስ ሲሆን ከመካከለኛው መስመር ጥቂት ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ መቀርቀሪያው ሲበላ ወደ መካከል፥ ከዚያም ወደ ግራ ያልፋል። ነገር ግን ከመጀመሪያው መካከል ላይ የተደረገ አለ፤ በጥገና የተመለሰም አለ። ስለዚህ እጀታው ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም።

አራተኛ፥ የአሮጌ ጥገና ምልክት ይፈለግ። አንዳንዱ ጉብታውን በመዶሻ ቀጥቅጦ ብረቱን ያሳብጠዋል፤ ሌላው ስስ ቆርቆሮ ይሸጕጥበታል። ለገበያ ቀን ይጠብቃል፤ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ግን ይላላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ትክክለኛው ጥገና ዘንጉን ትንሽ ወፈር ባለ መተካት ወይም በተበላው ጕብጠት ላይ ብረት በብየዳ ጨምሮ፥ በጥቀርሻ እየለኩ መሞረድ ነው። አፈሙዙ ወደ ኋላ ሲመለስ መቀርቀሪያውም እንደገና መገጠም አለበት።

በእንግሊዝ አገር ጠመንጃ በኀይለኛ ጥይት ተፈትኖ ማኅተም ይመታበታል፤ የበርሚንግሃሙ የፍተሻ ቤት በ1813 ዓ.ም. በፓርላማ ሕግ የተቋቋመ ነው። ማኅተሙ ግን የሚመሰክረው ስለ ተፈተነበት ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ተተኰሰውና በኀይል እየተላጋ ስለ ተዘጋው ምንም አይናገርም።

እንግዲህ መጥበቅና ማጥበቅ የተለያዩ ናቸው። ሻጩ የፊት እንጨቱን ለማውለቅ እንቢ ካለ፥ አንባቢያችን ገንዘቡን በኪሱ ይያዝ። ከአራቱ በአንዱ የተጠረጠረውም ጠመንጃ ባለሙያ ሳያየው ጥይት አይግባበት።