ሽፋሽፍቱ ሲያዘነብል

ፈረስ ዓይኑን ሲያመው አይጮህም። ስለዚህ ጠዋት ከመጫኑ በፊት ፊት ለፊቱ ቁሙና የግራና የቀኝ ሽፋሽፍቱን አስተያዩ። የጤነኛው ዓይን የላይኛው ሽፋሽፍት ወደ ውጭ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የታመመው ቁልቁል ያዘነብላል። ዓይናር፣ እንባ፣ እብጠት ከታከለበት ደግሞ የዚያን ቀን ጋሪው ይቅር።

የፈረስ ዓይን ትልቅ ነው፤ ከጭንቅላቱ ጎን ወጣ ብሎ ስለተቀመጠ ሽቦም፣ እሾህም፣ ምስማርም ቀድሞ የሚያገኘው የዓይኑን ቆብ ነው። ብልጭ ድርግም የማለቱን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው የላይኛው ቆብ ነው፤ እንባውን ዓይኑ ላይ እያዳረሰ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል።

ቢሾፍቱ ጋሪ ማቆሚያ አንድ ዳማ ፈረስ ቆቡን ሽቦ ቀዶት አየሁ። ቁራጩ በቀጭን ቆዳ ተንጠልጥሎ ደም ያንጠባጥባል። አንድ ወጣት ምላጭ ይዞ መጣ፤ «ጋሼ፣ ትቆረጥና ይደርቃል» አለ። ባለቤቱ እጁን ያዘው። «ተው ልጄ፣ እሷ ከሄደች በምን ይከድነዋል?»

እውነቱን ነበር። ቆብ ደም በብዛት ስለሚደርሰው የተንጠለጠለው ቁራጭ የሞተ ቢመስልም ቶሎ ከተሰፋ ይያያዛል። ከተቆረጠ ግን የቆቡ ጠርዝ አይመለስም፤ ዓይኑ ሲደርቅና ጠጉር ሲፈገፍገው ይኖራል። ሐኪም እስኪደርስ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው አሟሙቶ ቁስሉን ማጠብ፣ ፈረሱ ዓይኑን ግንድ ላይ እንዳያሽ አጠገቡ መቆም ይበቃል።

ቤት የተረፈ ቅባት መቀባት ግን አጥብቄ የምቃወመው ነገር ነው። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት የዓይኑ መስታወት ቆስሎ ከሆነ ቁስሉን ያባብሰዋል። ሐኪሙ ብርቱካንማ ቀለም ጠብ አድርጎ ያያል፤ ቁስል ካለ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል።

ሌሎች የቆብ ችግሮችም አሉ። የተዳከመ ውርንጭላ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና፣ ሰው ላይ የዓይን ማዝ እንደሚያደርገው፣ ጠጉሩ ዓይኑን ይፍቀዋል፤ ጊዜያዊ ስፌት ብዙ ጊዜ ያቃናዋል። የዓይኑ ዙሪያ ነጭ ወይም ሮዝ የሆነ ፈረስ ፀሐይ ስለሚጎዳው ቆቡ ላይ የማትድን ትንሽ ቁስል ብትወጣ ካንሰር ልትሆን ትችላለችና አትናቁ። በጋሪ ፈረሶቻችን የተለመደው ኤፒዞቲክ ሊምፋንጃይቲስ የተባለው የፈንገስ በሽታም ዓይን ይገባል፤ ዝንብም ያዛምተዋል። እብጠት ከታየ ፈረሱ ከሌሎች ይለይ። ከውስጠኛው ጥግ ሦስተኛው ቆብ ድንገት ብቅ ካለና ሰውነቱ ከተገተረ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት አይሰጥም።

ዳማው በዚያው ቀን ተሰፋለት። ከወራት በኋላ ሳገኘው ቆቡ ላይ የቀረው ቀጭን ሰረዝ ነበር። ባለቤቱ የዓይን መከለያውን ከማሰሩ በፊት ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ሽፋሽፍት ሲያስተያይ ደረስኩ።