የውዝዋዜ ስልቶች ማስተዋወቂያ ለጀማሪ ተማሪዎች፤ በወረታና በፎገራ ሜዳ መነሻነት

መግቢያ

አንድ ሕዝብ ደስታውንና ኀዘኑን፣ ጸሎቱንና ጀግንነቱን ከሚገልጽባቸው ጥንታውያን መንገዶች አንዱ የአካል እንቅስቃሴ ነው። ሐሳብ በቃል፣ ዜማ በድምፅ እንደሚገለጽ ሁሉ ውዝዋዜም በትከሻ፣ በአንገት፣ በደረት፣ በወገብና በእግር ይገለጻል። ሆኖም ቃል በጽሕፈት፣ የቤተ ክርስቲያንም ዜማ በምልክት ተመዝግቦ ሲቆይ፣ በኢትዮጵያ በሰፊው የሚሠራበት የውዝዋዜ መጻፊያ ምልክት ባለመኖሩ ይህ ጥበብ ከመምህሩ አካል ወደ ተማሪው አካል ካልተላለፈ በቀር ሌላ አስተማማኝ ማደሪያ የለውም። ስለዚህ አንድ ወጣት «ውዝዋዜ መማር እፈልጋለሁ» ብሎ መምህሩን ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ የአንድን ተማሪ ዝንባሌ ብቻ ሳይሆን የአንድን ስልት ዕድሜም የሚመለከት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በወረታና በፎገራ አካባቢ የሚያስተምሩ መምህራን ለእንዲህ ያለው ጥያቄ በቂ መልስ መስጠት እንዲችሉ ዋና ዋናዎቹን የውዝዋዜ ስልቶች ከነጠባያቸው ማስተዋወቅ፣ እያንዳንዱም ከጀማሪው የሚጠይቀውን ዝግጅት ማመልከት ነው።

የአካባቢው አቀማመጥና የጨዋታ ወቅቶች

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያመራው መንገድም የሚገነጠለው ከዚህችው ከተማ ነው። በዙሪያዋ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ በምዕራብ ከጣና ሐይቅ ጋር የሚዋሰን፣ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያቋርጡት፣ በከብት ዝርያውና በሩዝ ምርቱ የታወቀ ለም መሬት ነው። ወንዞቹ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍም ብዙ ነዋሪዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል።

ይህ የተፈጥሮ ሁኔታ የጨዋታውንም ወቅት ይወስናል። በክረምት ሕዝቡ በእርሻና በአረም ላይ ስለሚሆን የሚሰማው በአብዛኛው በደቦና በወንፈል የሚባለው የሥራ ዘፈን ነው። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ቡሄ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል በተከታታይ ይመጣሉ። ዋናው የጭፈራ ወቅት ግን አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ነው፤ ይኸውም ከጥምቀት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ሠርጉ የሚበዛበት ጊዜ ነው። በጾሙ ወራት ጭፈራው ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላም እንደገና ይቀጥላል። ስለሆነም ተማሪዎችን ለማስተዋል ሥራ የሚያሰማራ መምህር የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጣ ይህን የዘመን አቆጣጠር ማወቅ ይገባዋል።

አቋቋም

በአካባቢው ከሁሉ ይልቅ በሥርዓት የተደራጀ ትምህርት ያለው ስልት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም ነው። አቋቋም ካህናትና ደብተራዎች መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ይዘው፣ በቀኝና በግራ ተሰልፈው በማኅሌት የሚያቀርቡት የዜማና የእንቅስቃሴ ጥምረት ነው። በመንፈሳዊ ትርጉሙ አምልኮ እንጂ ጨዋታ ባይሆንም፣ የአካል እንቅስቃሴን በደረጃ ከፍሎ በማስተማር ረገድ ከጥንታውያኑ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ቀደም ያለውን ስፍራ ይይዛል።

አንድ ዜማ በአቋቋም ቤት ሲጠና በተለያዩ ደረጃዎች ያልፋል። በቁም ደረጃ ዜማው ያለ መሣሪያ ይዜማል። በዝማሜ ደረጃ መቋሚያው ከዜማው ጋር እየተወዛወዘ ይሄዳል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ። በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፤ ጭብጨባም ይጨመርበታል። በወረብ ደግሞ ዜማው፣ ከበሮውና የአካሉ እንቅስቃሴ ተዋሕደው ሽብሸባው ይደምቃል። ከዚህ አከፋፈል የዘመናዊው ትምህርት ቤት መምህር የሚማረው ነገር አለ፤ ይኸውም ተማሪው ፈጣኑን እንቅስቃሴ ከመሞከሩ በፊት ዝግተኛውን ጠንቅቆ እንዲያውቅ የሚያደርግ መሆኑ ነው።

አቋቋም አንድ ወጥ ስልት አይደለም። የጎንደር አቋቋም ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ይከፈላል። ከእነዚህ ሌላ ተክሌ የሚባል ስልት አለ፤ የዚህም ታሪክ ከፎገራ ጋር የተያያዘ ነው። ስልቱን የደረሱት በቅኔ ችሎታቸውና በፈጣን ቀልዳቸው በመላ ኢትዮጵያ የታወቁት የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ሲሆኑ፣ የትውልድ ስፍራቸው በዚሁ በፎገራ የሚገኘው ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው አለቃ በጣና ሐይቅ አካባቢ ሳሉ የማዕበሉን መመላለስና በነፋስ የሚወዛወዘውን የዳርቻውን ተክል ተመልክተው፣ ቀድሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይል የነበረው የመቋሚያና የአካል እንቅስቃሴ ወደ ጎን እየተመላለሰ እንዲፈስ አደረጉ።

አዲሱ ስልት ግን በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። ነባሩን ሥርዓት የሚጠብቁት መምህራን አንቀበልም አሉ። አለቃ ገብረ ሐና ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም በደብረ ታቦር ወንበር ዘርግተው በማስተማራቸው ስልቱ በስማቸው ተጠርቶ ወደ ሌሎች አድባራት ተስፋፋ። ከወረታ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ደብረ ታቦር እስከ ዛሬ የተክሌ አቋቋም ማዕከል ናት። ይህ ታሪክ ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ግልጽ ትምህርት ይሰጣል። ስልቱ የኖረው ውብ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ የሚያስተምረው መምህርና የሚማርበት ስፍራ በማግኘቱ ነው። ተክሌ ወንበር ባይዘረጉ ኖሮ የሐይቁ ማዕበል እንቅስቃሴ ከደራሲው ጋር ተቀብሮ በቀረ ነበር።

ወደ አቋቋም ቤት ለመግባት የሚያስብ ተማሪ አስቀድሞ ንባብንና የድጓን ዜማ ሊያውቅ ይገባል። ትምህርቱ ዓመታትን ይፈጃል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማደርንም ይጠይቃል። በልማድ የወንዶች ትምህርት ሲሆን፣ ልጃገረዶች በሰንበት ትምህርት ቤቶች በሚሰጠው የመዝሙርና የሽብሸባ ትምህርት ይሳተፋሉ።

እስክስታ

እስክስታ የአማራ ሕዝብ ዋና ውዝዋዜ ሲሆን ማዕከሉ ትከሻ ነው። ከወገብ በታች ያለው አካል በአንጻራዊ ሁኔታ ረግቶ ምቱን ሲጠብቅ፣ ትከሻ፣ ደረትና አንገት ይንቀሳቀሳሉ። በሠርግና በበዓል በማሲንቆ፣ በከበሮ፣ በዋሽንትና በጭብጨባ ይታጀባል። ከፈጣኖቹ ዘፈኖች ብዙዎቹ የሚሄዱበት ምት ጭክጭካ የሚባለው፣ ስድስት ንኡሳን ምቶች ያሉት ምት ነው።

እስክስታን ከውጭ ለሚመለከት ሰው ሁሉም አንድ ይመስላል። ይሁን እንጂ የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎና የሸዋ እስክስታዎች በፍጥነታቸው፣ በአንገት አጠቃቀማቸውና ከዘፈኑ ጋር ባላቸው ግንኙነት ይለያያሉ። የወሎው ለምሳሌ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት ቅኝቶች ጋር ጥብቅ ዝምድና አለው፤ ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙትም ከዚያው ከወሎ ስፍራዎች ነው። ከዚህም ሌላ ከፉከራና ከቀረርቶ ጋር የሚሄደው የጀግንነት እንቅስቃሴ ከሠርጉ እስክስታ የተለየ ነው፤ በእርሱ ጎራዳው ብቻውን ወደ መሐል ገብቶ ዱላውን ወይም መሣሪያውን እየነቀነቀ ይመላለሳል።

ጀማሪው ተማሪ በመጀመሪያ እግሮቹን በመጠኑ ከፍቶ፣ እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ መቆምን ይማር። ከዚያም ሁለቱን ትከሻዎች በአንድነት ወደ ላይና ወደ ታች፣ ቀጥሎም ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ በመጨረሻም አንዱን ከሌላው እየለየ ማንቀሳቀስ ይለማመድ። አንገቱን የሚጨምረው ትከሻው ምቱን ሳይስት መሄድ ከቻለ በኋላ ነው። እስክስታ በአብዛኛው ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው እየተጠባበቁ የሚወርዱት ስለሆነ፣ ጓደኛውን ማየትና መቀበል ከትከሻው ቅልጥፍና ያላነሰ የትምህርቱ ክፍል ነው።

የሌሎች ሕዝቦች ስልቶች

የኢትዮጵያ ሕዝቦች ውዝዋዜዎች በየትኛው የአካል ክፍል ላይ እንደሚያተኩሩ በመመልከት ማነጻጸር ይቻላል። በትግራይ ተጨዋቾቹ ከበሮ መቺዎቹን ከብበው በዝግታ እየዞሩ ቆይተው፣ ምቱ ሲፈጥን በትከሻ ይጨፍራሉ። የጉራጌ ውዝዋዜ በፈጣን የእግር አጣጣልና በክንድ እንቅስቃሴ ይታወቃል፤ ስለዚህ ብርቱ ትንፋሽ ይጠይቃል። የወላይታው ወገብን ማዕከል ያደርጋል። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ እንደየአካባቢው ልዩ ልዩ ስልቶች ሲኖሩ፣ በሸዋ የወጣቶቹ የዱላ ጨዋታና የልጃገረዶቹ የአንገት ውዝዋዜ ጎልቶ ይታያል። በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድ መንዙማ በድቤና በጭብጨባ ታጅቦ ሲቀርብ በዝግታ ከመወዛወዝ ጋር ይሄዳል፤ ይህም እንደ አቋቋም መንፈሳዊ ትርጉም ያለው ነው።

እንዲህ ያለው በንጽጽር የሚደረግ ጥናት ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የሀንጋሪው የውዝዋዜ ተመራማሪ ጆርጅ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ ተዘዋውረው ያሰባሰቡትን መሠረት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያን ውዝዋዜዎች በዓይነት የሚከፋፍል ጽሑፍ አሳትመዋል።

ሜዳና መድረክ

ውዝዋዜ ከሠርግ ቤትና ከበዓል ሜዳ ወደ መድረክ የወጣው በአዲስ አበባ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመውን የሀገር ፍቅርንና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር በመሳሰሉ ተቋማት ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ እንደ ጎንደሩ ፋሲለደስ፣ እንደ ጎጃሙ ግሽ ዓባይና እንደ ወሎው ላሊበላ ያሉ የኪነት ቡድኖች የየክፍላተ ሀገሩን ጭፈራ ለሕዝብ አቅርበዋል።

መድረክ ለውዝዋዜ ብዙ ጠቅሟል፤ አንዱ አካባቢ የሌላውን እንዲያውቅ አድርጓል፤ ተወዛዋዥነትንም ሙያ አድርጎታል። በአንጻሩ ግን ጠባዩን ለውጦታል። በሜዳ ተጨዋቾች እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ በመድረክ ሁሉም ወደ ተመልካች ይዞራሉ። በሜዳ እያንዳንዱ በተራው የራሱን ያሳያል፤ በመድረክ ሁሉም አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ያደርጋሉ። በሜዳ ጨዋታው ሰዓታት ሲፈጅ በመድረክ በጥቂት ደቂቃዎች ይጠቃለላል። የዛሬው ተማሪ ውዝዋዜን አብዝቶ የሚያየው በቴሌቪዥንና በተንቀሳቃሽ ስልክ ስለሆነ የመድረኩን አጭር ቅጽ የስልቱ ሁለንተና አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ምስል እንቅስቃሴውን ጠብቆ ያቆያል፤ ነገር ግን የተማሪውን ስሕተት አያርምም፤ ትከሻው የት ላይ እንደ ዘገየም አይነግረውም።

ለምርጫ የሚረዱ ጥያቄዎች

መምህሩ ተማሪውን ወደ አንድ ስልት ከመምራቱ በፊት አራት ነገሮችን ቢያጣራ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የተማሪው ዓላማ ምንድን ነው? አምልኮ፣ ሙያ፣ ወይስ ከወገኑ ጋር በበዓል መደሰት? ሁለተኛ፣ ለትምህርቱ ሊሰጠው የሚችለው ጊዜ ምን ያህል ነው? ሦስተኛ፣ የአካሉ ሁኔታ የትኛውን ይፈቅድለታል? የእግር ጉዳት ያለበት ተማሪ ተቀምጦም ቢሆን የትከሻን እስክስታ መማር ይችላል። አራተኛ፣ ስልቱን በትክክል የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያው አለ? ለፎገራ ተማሪ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ሩቅ አይደለም፤ አያቱ፣ አጎቱ ወይም የሰፈሩ ማሲንቆ መቺ ሊሆን ይችላል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከተግባራዊነቱ ጀምሮ ሥነ ውበት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ውስጥ ስፍራ አግኝቷል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል የትምህርት ዓይነት ተካቷል። መጽሐፉ ግን እንቅስቃሴን በሥዕል ከማመልከት በላይ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች በአካባቢው የታወቁ ሽማግሌዎችንና ባለሙያ ሴቶችን እየጋበዙ በተማሪዎች ፊት እንዲያሳዩ ቢያደርጉ፣ ተማሪዎችም በጥምቀትና በሠርግ ያዩትን ቦታውን፣ አጋጣሚውን፣ መሣሪያውንና የአካል ክፍሉን እየለዩ እንዲመዘግቡ ቢያዙ፣ ያለ ብዙ ወጪ ትልቅ ውጤት ይገኛል። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረ መሆኑም ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። የአንድ ክፍል ተማሪዎች የተለያየ ሃይማኖት ያላቸው ናቸው። ወረብም ሆነ መንዙማ በባለቤቶቹ ዘንድ ጸሎት እንጂ ትርኢት አይደለም። በመሆኑም በክፍል ውስጥ ታሪካቸውና አወቃቀራቸው ይገለጽ፤ በአክብሮትም በየስፍራቸው ይታዩ። ተማሪው በአካሉ የሚለማመደው ግን የበዓልና የሠርግ ውዝዋዜ ቢሆን ይመረጣል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከተው የፎገራ ተማሪ ውዝዋዜን ለመማር ሲነሣ በአጠገቡ ያለው ሀብት ጥቂት አይደለም። በምሥራቅ የተክሌ አቋቋም ወንበር አለ፤ በመንደሩ እስክስታ፣ ፉከራና የደቦ ዘፈን አሉ፤ በትምህርት ቤቱም የሌሎችን ሕዝቦች ስልት የማወቅ ዕድል አለው። ይህ ሀብት ወደሚቀጥለው ትውልድ መተላለፉ ግን በራሱ የሚሆን ነገር አይደለም። የሚያስተምር፣ የሚያርምና ጊዜ የሚመድብ ሰው ይፈልጋል። በናበጋ የተወለዱት ሊቅ የደረሱት ስልት በልጃቸው መምህርነት እንደ ኖረ ሁሉ፣ የዛሬዎቹም ስልቶች የሚኖሩት ተማሪ ከኋላው የሚቆምለት መምህር ያገኙ እንደ ሆነ ብቻ ነው።