የቆየ ኦቶሞቢል ሞተር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ምክንያቱን ስለ ማወቅ

በጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ አንድ ያገለገለ ኦቶሞቢል ገዢና ወረቀት እስኪገኝለት ድረስ ለወራት በባሕር ዳር ፀሐይ ቆሞ ሊከርም ይችላል። ገዢው ሲመጣ ሞተሩ ይነሣለታል፥ በሜዳው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይነዳል፥ ምንም ጉድለት አይታይበትም። ይኸው ኦቶሞቢል ግን በደወሌ በኩል ድሬዳዋ ደርሶ የደንገጎን ዳገት ሲጀምር፥ ወይም በጋላፊና በሚሌ በኩል አዋሽን አልፎ ወደ አዳማ ሲወጣ፥ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይለቃል። ባለቤቱም ተታለልሁ ይላል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ሻጩም ገዢውም በሽታውን አያውቁትም፤ በሜዳ ላይ የተደረገው አጭር ሙከራ ሊገልጠው አይችልምና።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ግብር የጣለ ሲሆን፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ ኦቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ በእጅ ያለው አሮጌ ኦቶሞቢል በቀላሉ የሚተካ አይደለም። አንድ ጊዜ ከልክ በላይ የሞቀ ሞተር ቴስታታው ሊጣመም፥ ጓርኒሲዮኑ ሊቃጠል ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀው ወጪ በጊዜው ቢታይ ኖሮ ከሚበቃው ከአንድ ቺንጋ ወይም ከአንድ ክዳን ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

በባሕር ጠረፍ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግራድ ይፈላል። ከፍታው በጨመረ ቍጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ የመፍያው መጠን በየ300 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ተራ መክደኛ ያልሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በውስጡ ያለው ሞላና ላስቲክ ውሃውን በግፊት ይዞ፥ በባሕር ጠረፍ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርገዋል። የክዳኑ ላስቲክ በእርጅናና በሐሩር ደርቆ ከተሰነጠቀ ይህ ግፊት ይጠፋል። ሞተሩ ደግሞ በጤናው ጊዜ እንኳ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚሠራ፥ ክዳኑ የተበላሸ ኦቶሞቢል ጅቡቲ ላይ ደኅና መስሎ ደጋ ሲወጣ ቢፈላ አያስደንቅም። ብዙ ሰው ራዲያተር ከመለወጡ በፊት ክዳኑን አለመለወጡ ግን ያስገርማል።

መርማሪው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፥ ሞተሩ በእውነት ሞቋል ወይስ መለኪያው ነው የሚዋሸው? የሚለውን ነው። ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር ቍልፉ እንደ ተከፈተ መርፌው ወደ ቀዩ ምልክት ከዘለለ፥ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ሽቦው ወይም የሙቀት ማስታወቂያው ነው። የዚህም ተቃራኒ አለ፤ እርሱ ይበልጥ አደገኛ ነው። ውሃው ፈስሶ ከማስታወቂያው በታች ሲወርድ፥ ማስታወቂያው በባዶ ስፍራ ስለሚቀር መርፌው ዝቅ ብሎ ሳለ ሞተሩ ይቃጠላል። መርፌው ደኅና ነው ብሎ ሽታውንና ጭሱን ችላ ያለ ነጂ ሞተሩን ያጠፋል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው መቼ ነው የሚሞቀው? የሚለው ነው፤ ጥሩ መካኒክ ብሎን ከመፍታቱ በፊት ነጂውን አስቀምጦ ይህን ይጠይቃል። በቀጠናው በር ላይ ተሰልፎ ሲጠብቅ ወይም በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሄድ እየሞቀ፥ መንገዱን ይዞ ሲሮጥ የሚበርድ ከሆነ፥ የጐደለው ነፋስ ነው። ቬንትሌተሩ፥ ቺንጋው ወይም የኤሌክትሪክ ቬንትሌተሩን የሚያስነሣው ማብሪያ ይመርመር። በዙሪያው ያለው የነፋስ መከለያ ወልቆ የተጣለ እንደሆነም ቬንትሌተሩ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈውን አየር መሳብ ትቶ በአጠገቡ ያለውን የሞቀ አየር መልሶ ያዞራል።

በተቃራኒው በከተማ ውስጥ ደኅና ሆኖ በዳገትና በፍጥነት የሚሞቅ ከሆነ፥ ነፋስ ሞልቷልና ጥፋቱ የውሃው ዝውውር ነው። በጅቡቲና በአፋር ቆላ ጨዋማ ውሃ በብዙ ስፍራ ይገኛል። ነጂ ቸግሮት እንዲህ ያለውን ውሃ ደጋግሞ ከጨመረ፥ በጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ያለ ነገር በራዲያተሩ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ይጋገራል፤ ብረቱም ይዝጋል። ሞተሩ ጠፍቶ፥ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ካለውም ሽቦው ተነቅሎ፥ ራዲያተሩ በጥንቃቄ በእጅ ሲዳሰስ አንዱ ወገን ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ የተደፈነው የቀዘቀዘው ነው። ከውጭ የተከማቸው አቧራና የባሕር ጨው ደግሞ ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት በሚረጭ ውሃ ይታጠባል። ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር የታችኛው ማኒኮቶ የሚጨፈለቅ ከሆነም ውሃ እየከለከለ ያለው እርሱ ነው።

ሞተሩ በተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መርፌው ሽቅብ ከወጣና የላይኛው ማኒኮቶ ግን ገና ቀዝቃዛ ከሆነ፥ ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ቀርቷል ወይም ውሃው ውስጥ አየር ታምቋል ማለት ነው። ቴርሞስታቱን አውጥቶ በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥሎ ማሞቅ በቂ ፈተና ነው፤ በላዩ በተጻፈው ዲግሪ፥ ብዙ ጊዜ በ82 ወይም በ88 አካባቢ፥ መከፈት አለበት። በቆላ አገር ቴርሞስታቱን ጨርሶ አውጥቶ የመጣል ልማድ አለ። ይህ ጥሩ ልማድ አይደለም። አንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት አብሮ የሚዘጋ ማለፊያ ቧንቧ አላቸው፤ ቴርሞስታቱ ከሌለ የፈላው ውሃ ከፊሉ በራዲያተሩ ሳያልፍ ወደ ሞተሩ ስለሚመለስ ሙቀቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ሞተሩ በደጋ ብርድ ሳይሞቅ መሥራቱ፥ ነዳጅ መጨመሩና መበላቱም ሌላ ጉዳት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ምልክት ግን አንድም ጠብታ በምድር ላይ ሳይታይ ውሃው እየጐደለ መሄዱ ነው። የሞተሩ ዘይት ወተት እንደ ተቀላቀለበት ቡና ከነጣ፥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ማርሚታው ነጭ እንፋሎት መልቀቁን ካልተወ፥ ወይም በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፥ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል ተብሎ ይጠረጠራል። እንዲህ ያለውን ተሽከርካሪ እየነዱ ወደ ደጋ ለማውጣት መሞከር አይገባም። በመኪና ላይ ተጭኖ ይሂድ።

የውሃው መንገድ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሲገኝ ዓይንን ወደ ሌላ ማዞር ይገባል። ዲስትሪቢዩተሩ ዘግይቶ እሳት የሚሰጥ ከሆነ፥ ዘይቱ ከጐደለ፥ ወይም ፍሬኑ ይዞ ካልለቀቀ ሞተሩ በከንቱ ይደክማል፥ ይሞቃልም።

በመንገድ ላይ መርፌው ሽቅብ ሲል ነጂው የማቀዝቀዣውን አየር ያጥፋ፥ የማሞቂያውን ይክፈት፤ ለተሳፋሪ ባይመችም ከሞተሩ ላይ ጥቂት ሙቀት ይወስዳል። እንፋሎት ከታየ ግን ከመንገድ ወጥቶ ሞተሩን ማጥፋት አለበት። ክዳኑ በዚያ ሰዓት ፈጽሞ አይነካም። በግፊት ታፍኖ የነበረው ውሃ ግፊቱ ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ ስለሚፈላና ሽቅብ ስለሚተኰስ፥ ፊትና እጅ ይልጣል፥ ዓይንንም ያጠፋል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ፤ በጅቡቲ በጋ ከዚያም ይልቅ መቆየት ያስፈልጋል። ማኒኮቶው በእጅ ሲጨበጥ ሲለሰልስና ሲበርድ ክዳኑ በወፍራም ጨርቅ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይከፈት፤ ውሃውም ጥቂት በጥቂት ይጨመር። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ማፍሰስ ደኅናውን ቴስታታ ሊሰነጥቀው ይችላል።

በቀጠናው የቆመ ኦቶሞቢል የሚገዛ ሰው ሙከራውን በማለዳ፥ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይጀምር፤ የራዲያተሩን ክዳን ራሱ ከፍቶ የውሃውን ቀለም ይይ። ከዚያም ሞተሩ በቆመበት ሃያ ደቂቃ እንዲሠራ፥ ቀጥሎም ከከተማው ውጭ ባለ ዳገት እንዲነዳ ይጠይቅ። ሻጩ ክዳኑ እንዲከፈት ካልወደደ፥ ወይም ገዢው ሲደርስ ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ ከተገኘ፥ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሌላ ማለዳ ቀጥሮ ይመለስ።