ቁመት ያለ ዕድሜ

ጤና ኬላ ውስጥ እናቶች የሚያውቁት ሚዛኑን ነው። ልጄ ኪሎ ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብለው ይጠይቃሉ። ጥግ ይዞ የቆመውን የቁመት መለኪያ ሰሌዳ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የእኔ ወዳጅ ግን እሱ ነው። ኪሎ የሰሞኑን ተቅማጥ ይናገራል፤ ቁመት ከእርግዝና ጀምሮ የተከማቸውን ጉድለት። መቀንጨር የሚታወቀው በእሱ ነው። «አባቱም አጭር ነው» የሚሉ አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን የእድገት መስፈርቱን ያወጣው ከጋና እስከ ኖርዌይ በስድስት አገር ልጆችን ለክቶ፣ በደንብ የተያዙ ሕፃናት እድገት በየትም ተቀራራቢ መሆኑን አይቶ ነው።

ከሁለት ዓመት በታች ያለ ተኝቶ፣ ከዚያ በላይ ያለ ቆሞ ይለካል። ሁለት ሰው የግድ ነው፤ አንዱ ጭንቅላቱን ይይዛል፣ ሌላው ጉልበቱን ዘርግቶ እግሩን ያስጠጋል። ብቻውን የሚታገል ለኪ አይቻለሁ፤ ያን ቁጥር ከመጻፍ ባዶውን መተው ይሻላል።

ትልቁ ጣጣ ግን ዕድሜ ነው። «ሁለት ዓመቱ ነው» የተባለው ልጅ ሃያ ወሩ ሊሆን ይችላል። ተኝቶ ሲለካ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ ልጅ እንውሰድ። በሃያ ወሩ ከሆነ የመቀንጨር ወሰኑ 78.6 ነውና ደህና ነው፤ በሃያ አራት ከተመዘገበ ወሰኑ 81.7 ነውና ቀንጭሯል። ልጁ ያው፣ ሰሌዳውም ያው። መጠይቅ የሚሞሉ መረጃ ሰብሳቢዎች «አንድ»፣ «ሁለት»፣ «ሦስት» እያሉ ሲያጠጋጉ መቀንጨር በወረቀት ላይ ይወለዳል፤ ወይም ይሰወራል።

ጋሞ ውስጥ ዕድሜን ለማወቅ ከመስቀል በዓል የተሻለ ምልክት የለም። «ባለፈው መስቀል በሬው ሲታረድ እርጉዝ ነበርሽ ወይስ ታቅፈሽው ነበር? መዳህ ጀምሮ ነበር?» ብሎ በጋሞኛ የጠየቀ ሰው ወሩን ያገኘዋል። ከዚያም የክትባት ካርዱ አለ፤ የመጀመሪያው ክትባት የሚሰጠው እንደተወለደ ነውና ቀኑ እዚያ ተጽፏል። ሳይጠይቁት የሚሄዱ ግን ብዙ ናቸው።

አማካይ ቁጥርም ልዩነትን ይሸፍናል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 58 በመቶ በ2019 ወደ 37 ወርዷል። በ2016 ግን ከደሃው አምስተኛ የሕዝብ ክፍል 45፣ ከሀብታሙ 26 በመቶ ነበር። ጥናቱ የሚናገረው በክልል ደረጃ ስለሆነ የጨንቻ ደጋ ልጅና የላንቴ ሙዝ አምራች ልጅ በአንድ ቁጥር ይዋጣሉ። ስለዚህ ነው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአርባ ምንጭ ዙሪያ የሚያካሂደውን የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል የምወደው። ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞትን ይመዘግባል፤ ዕድሜ በግምት ሳይሆን በመዝገብ ይገኛል። መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2030 እ.ኤ.አ. ከሁለት ዓመት በታች መቀንጨርን ዜሮ አደርጋለሁ ሲል፣ ዜሮው የሚቆጠረው በዚህ ዓይነት መዝገብ ነው። ሕጉም ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ ብዙ ወላጆች ግን ያዘገዩታል።