እቁብ ወጪ ነው እንዴ? ስለ ቤት በጀት መተግበሪያ ተረትና እውነታ

በጀት መያዣ መተግበሪያ ስልኬ ላይ የጫንኩ ሰሞን የመጀመሪያ ሥራዬ ምድብ መደርደር ነበር። ሽንኩርት ለብቻው፣ ዘይት ለብቻው፣ ቡና ለብቻው፣ ማኪያቶ ደግሞ ለብቻው። አርባ ምናምን ምድብ አበጅቼ ሦስት ወር ሙሉ በትጋት መዘገብኩ። በመጨረሻም ስልኬ ከደመወዜ በላይ እንዳጠፋሁ ነገረኝ። የተበደርኩት የለም፤ ባንክ ያለችኝም ገንዘብ አልጎደለችም። ታዲያ ከየት አምጥቼ አጠፋሁት?

ጥፋቱ የሽንኩርቱ አልነበረም። ከኤቲኤም 3,000 ብር ባወጣሁ ቁጥር «ወጪ» ብዬ እጽፋለሁ፤ በዚያው ብር አስቤዛ ስገዛ እንደገና «ወጪ» እላለሁ። አንዱን ብር ሁለት ጊዜ ሳጠፋው ከርሜአለሁ።

ብዙዎቻችን የምንጀምረው «ወጪዬን በስንት ልከፋፍለው?» ብለን ነው። ከዚያ በፊት ግን «ይሄ ከነጭራሹ ወጪ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ።

ተረት፦ ከእጄ የወጣ ሁሉ ወጪ፣ እጄ የገባ ሁሉ ገቢ ነው

አይደለም። ወጪ ማለት ያላችሁን ሀብት የሚቀንስ ነው። ከባንክ ወደ ቴሌብር ያሻገራችሁት ብር ኪስ ቀየረ እንጂ የትም አልሄደም፤ በመንገዱ ላይ የተቆረጠ የአገልግሎት ክፍያ ካለ ወጪው እሱ ብቻ ነው።

ይህ የስልክ ዘመን ያመጣው ዕውቀት አይደለም። ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ውስጥ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ የአገሩ ነጋዴዎች ይገለገሉበት የነበረውን ድርብ ምዝገባ አስፍሯል፤ ገንዘቡ ከየት እንደተነሣና የት እንደገባ፣ ሁለቱም ይጻፋሉ። ግኑካሽ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ንብረት፣ ዕዳ፣ የባለቤት ድርሻ፣ ገቢና ወጪ ብሎ መዝገቡን በአምስት ይከፍላል። ቀለል ያሉት የስልክ መተግበሪያዎች ግን ይህን ሸፍነው ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ብቻ ያሳያሉ፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ዝውውር። ሦስተኛዋን ሳንነካት የምንኖር ብዙ ነን።

የዝውውርን ጥቅም እቁብን ያህል የሚያሳይ የለም። አሥር ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ይጥላሉ እንበል፤ ዕጣው 50,000 ብር ነው። ለአንደኛው አባል በአራተኛው ወር ወጣለት። ይህ ሰው የጣለውን ሁሉ «ወጪ»፣ የደረሰውን «ገቢ» ብሎ ከመዘገበ በአራተኛው ወር ሀብታም፣ በቀሩት ስድስት ወራት ደግሞ አባካኝ ይመስላል። ሁለቱንም አልሆነም። ከ50,000 ብሩ 20,000ው ራሱ እስከዚያ ወር ድረስ የጣለው ነው። 30,000ው ገና በስድስት ወር የሚከፍለው ዕዳ ነው።

የሚያዋጣው «እቁብ» የሚል ሂሳብ መክፈት ነው። ምድብ አላልኩም፤ ሂሳብ፣ እንደ ባንክ ደብተር። የምትጥሉትን ወደዚያ ታዛውራላችሁ፤ ዕጣው ሲወጣ ደግሞ ከዚያ ወደ ባንክ ታዛውራላችሁ። የሰውየው የእቁብ ሂሳብ በአራተኛው ወር ጥሎ ሲጨርስ 20,000 ያሳያል፤ 50,000ውን ሲቀበል ከዜሮ በታች 30,000 ይወርዳል። ከዚያ በየወሩ 5,000 እያነሰ በአሥረኛው ወር ዜሮ ይገባል። በመካከሉ «ደረሰኝ!» ብሎ ሶፋ ሊገዛ የሚነሣ ሰው ያቺን የዕዳ ቁጥር ስልኩ ላይ ቢያያት አይጎዳም። ሰብሳቢው ከዕጣው ላይ የሚያስቀረው ካለ ግን እሱ እውነተኛ ወጪ ነው።

እድር ሌላ ነው። መዋጮው እንደ እቁብ ተራ ጠብቆ አይመለስም፤ የሚመለስበት ቀን እንዲመጣም አንመኝም። ወጪ ብላችሁ ጻፉት።

ብድር ስትከፍሉም እንዲሁ ነው፤ ዋናው ዕዳ ይቀንሳል፣ ወጪው ወለዱ ነው። ጫማ መልሳችሁ ገንዘባችሁን ብትቀበሉ ደግሞ ገቢ አላገኛችሁም፤ ከአልባሳት ምድብ ላይ ይቀነስ።

ተረት፦ ምድብ በበዛ ቁጥር መዝገቡ ይጠራል

ቡናና ማኪያቶን ለይቼ ምን አደረግሁበት? ምንም። አሁን አንድ ምድብ ከመፍጠሬ በፊት «ይህ ቁጥር ቢያሻቅብ የምቀይረው ነገር አለ?» እላለሁ። ከሌለ ከሌላው ጋር ይደረባል። አርባው ዛሬ አሥራ ሁለት ሆኗል፤ ሽንኩርቱም ዘይቱም «አስቤዛ» ገብተዋል።

መተግበሪያው ይዞት የመጣውን ዝርዝር እንዳለ መቀበልም አይጠቅምም። ውጭ አገር የተሠሩት ብዙ ጊዜ ለቤት እንስሳ ምድብ አላቸው፤ ለለቅሶ፣ ለክርስትና፣ ለሠርግ መዋጮና ለአራስ ጥየቃ ግን የላቸውም። እኔ «ማኅበራዊ ኑሮ» የሚል ጨመርኩ። በግንቦትና በጥር ከኪራይ ቀጥሎ ትልቁ እሱ ሆኖ ሳገኘው ደነገጥኩ፤ የሠርግ ወራት ናቸውና መደንገጥ አልነበረብኝም።

«ልዩ ልዩ» የሚለውን መፍራት ግን አያስፈልግም። ምድቡ ራሱ ያስፈልጋል፤ ከአስቤዛ ካልበለጠ ምንም አይደለም።

ተረት፦ ማሽኑ ራሱ ይመድበዋል

ማሽኑ የሚያየው የከፈላችሁለትን ስም ነው፤ ዘንቢሉን አያይም። ከሱፐርማርኬት 2,400 ብር ሲወጣ ውስጡ ዱቄት፣ ሳሙናና የልጅ ደብተር ሊኖር ይችላል፤ አንድን ክፍያ ለሁለትና ለሦስት ምድብ መክፈል የሚፈቅድ መተግበሪያ ለዚህ ይረዳል። በኛ አገር ደግሞ ብዙ ነጋዴ በግል ሂሳቡ ስለሚቀበል የባንኩ መልእክት የሚነግራችሁ የሰው ስም ብቻ ነው። አከራይ ይሁን አትክልት ሻጭ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ሳይረሳችሁ በዚያው ቀን ጻፉት።

ተረት፦ ወር ወር ነው

መተግበሪያዎቹ አብዛኞቹ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ወር ነው። ደመወዙ በኛ አቆጣጠር በየወሩ በ25 የሚገባለትን ሰው ተመልከቱ። ሐምሌ 25 ኦገስት 1 ላይ ይውላል፤ ነሐሴ 25 ኦገስት 31። ስለዚህ ኦገስት ሁለት ደመወዝ ያሳያል። ጳጉሜን መሃል ገብታ የመስከረሙ ደመወዝ ኦክቶበር ውስጥ ስለሚውል ሴፕቴምበር ባዶውን ይቀራል፤ ያውም የትምህርት ቤት ክፍያና የእንቁጣጣሽ ዶሮ ባለበት ወር! የወሩን መነሻ ቀን መምረጥ የሚፈቅድ መተግበሪያ ካላችሁ 28 ላይ አድርጉት፤ እያንዳንዱ ደመወዝ በየራሱ ወር ይገባል።

ምድቡን በኋላ ትደርሱበታላችሁ። ዛሬ ማታ ግን ያለፈውን ወር መዝገብ ክፈቱና ከኤቲኤም ያወጣችሁትን ብር ፈልጉ፤ «ወጪ» ተብሎ ከተቀመጠ ወደ «ዝውውር» ቀይሩት።